የአህይት ውሻ የት ይቀበር?

አንድ ጊዜ ጅብ አህያን በደላት፤ የበደላትም በሀዘኗ ቀን፣ ለቅሶ ደራሽ መስሎ ቤቷ ገብቶ ነው። በሌላ ቀን ቢበድላት ኖሮ ማን ይገረማል? ጅብና አህያ መቼ ተዋደው ያውቃሉ! እንባው ባልደረቀ ቤት ገብቶ መበደል ግን ለጅብም ቢሆን ይበዛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሜት አህይት ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአንዲት ውርንጭላዋ ጋር በመንደሩ ዳር፣ በቅንጭብ በታጠረ ግቢ ትኖር ነበር። ቤቱን የሚጠብቅላት መከታ የሚባል ውሻ ነበራት። ቡችላ ሳለ መንገድ ላይ ተጥሎ አግኝታ ያሳደገችው ነው። ውርንጭላዋ ስትወለድ እሱ ጎልማሳ ነበር፤ ልጅቱ እንቅልፍ የለመደችው ጀርባዋን ሆዱ ላይ አስደግፋ ነው። መከታ በሩ ሥር ተጋድሞ ሲኖር፣ ጅብ የሚባል ፍጡር በዚያ መንገድ ሲያልፍ እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

መከታ አረጀ። አንድ ማለዳም ከተጋደመበት ሳይነሣ ቀረ።

«እማዬ፣ እዚሁ እንቅበረው» አለች ውርንጭላዋ እያለቀሰች።

በዚያ አገር ግን ወግ አለ። ውሻ ሲሞት እግሩ በገመድ ይታሰርና ተጎትቶ ገደል ይጣላል። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ የለም። ውሻ ግቢው ውስጥ የቀበረ ተሰምቶ አይታወቅም። የአህይት ልብ ከልጇ ጋር ሆነ፤ እግሯ ግን ከወጉ ጋር ቆመ። እንዲሁ እያመነታች ረፋዱ ሆነ።

የሞት ወሬ ክንፍ አለው። ከሁሉ ቀድሞ የሰማው ቀበሮ ነበርና እየሮጠ ጅብ ዘንድ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ የምሥራች! መከታ ሞተ!»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «የት ነው ያለው?»

«ቀስ በል! ልጅቷ ግቢ ውስጥ ካልተቀበረ ብላ እያለቀሰች ነው። አፈር ከገባ ደግሞ አለቀልህ። ስለዚህ ለቅሶ እንደርሳለን። ንግግሩን ለእኔ ተወው፤ የአንተ ሥራ ከጎኔ ተቀምጦ ማልቀስ ብቻ ነው። ገደል ሲጣል ትልቁን ትበላለህ፣ ትርፍራፊውን ለእኔ ትተዋለህ።»

«ማልቀስ እችላለሁ» አለ ጅብ። «ደግሞስ ከመከታ ወዲያ ያንን በር ማን ሊጠብቀው ነው? ዛሬ ውሻውን፣ ነገ ውርንጭላዋን፣ ከነገ ወዲያ…»

«ዝም በል!» አለ ቀበሮ ዙሪያውን እያየ። «አንተ እኮ የምታስበው በአፍህ ነው።»

ሁለቱ ነጠላቸውን ለሀዘን ዘቅዝቀው ደረሱ። ከማለዳ ጀምራ የተቀመጠች ጎረቤት፣ እሜት ጃርት፣ ጥግ ይዛ ነበር። ቀበሮ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እሜት አህይት። ልጅቱ እዚሁ ይቀበር አለች ሲሉ ሰማሁ። ልጅ ናት፣ አይፈረድባትም። ግን እሜትዬ፣ ግቢ የተቀበረ ብቻውን አይተኛም። ከቤቱ አንድ ሳይጠራ አያርፍም። አስቀድሞ የሚጠራውም አብልጦ የሚወደውን ነው።» ይህን ብሎ ዓይኑን ወደ ውርንጭላዋ ወርወር አድርጎ መለሰው።

የአህይት ጆሮዎች ወደ ታች ወደቁ። «ልጄን?»

«እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም። ብቻ ገደሉ ምን አጠፋ? አያት ቅድመ አያትዎ ያደረጉት ነው። እርስዎም አይደክሙም፤ አያ ጅቦ ጎትተው ይወስዱልዎታል።»

«እጎትታለሁ!» አለ ጅብ ቶሎ ብሎ። «ኸረ ከፈለግሽ አሁኑኑ!»

ቀበሮ በክርኑ ጎሸም አደረገው፤ አልቅስ ማለቱ ነው። በዚያ አገር አልቃሽ ተነሥቶ የሟቹን ሙያ ያወሳል፤ ጀግንነቱን፣ ቸርነቱን፣ ታማኝነቱን እየጠራ ደረቱን ይመታል። ጅብም ተነሣ፤ ደረቱን መታ፤ አፉንም ከፈተው።

«ወይኔ መከታ! ወይኔ ጭንህ! ያ እንደ ሙክት የሞላ ጭንህ!»

ጃርት ቀና አለች።

«ወይኔ ጎድንህ! ጎድንህ ላይ የተጋደመው ስብ! እንዲያው ሳትከሳ መሞትህ… ይሄንንስ ደግ አደረግህ!»

«ሙያውን!» አለ ቀበሮ በጥርሱ መሃል። «ጀግንነቱን አንሣ እንጂ!»

«ጀግና ነበርክ!» አለ ጅብ እንባውን ከምራቁ ጋር እየጠረገ። «ልብህ ትልቅ ነበር! ኩላሊትህም ቢሆን ትንሽ አልነበረም!»

ውርንጭላዋ ወደ እናቷ ጠጋ ብላ ጠየቀች፦

«እማዬ፣ አያ ጅቦ የሚያለቅሱት ለመከታ ነው ወይስ ለምሳቸው?»

ጃርት በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ እሾሆቿ ግን ከሳቅ ብዛት ይንቀጠቀጡ ነበር። አህይት ምላሷ ጫፍ ላይ የደረሰ ነገር ነበራት። ነገር ግን ሀዘንተኛ ለቅሶ የደረሳትን አትሰድብምና መልሳ ዋጠችው። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ነገሩን ላስብበት» አለችና ሁለቱንም እስከ በር ድረስ ሸኘቻቸው።

ተመልሳም ከጃርት ጎን ተቀመጠች።

«ሰማሽው አይደል?» አለቻት ጃርትን። «ሊበላው ነው የመጣው። ግን አንድ ነገር አስፈራኝ። ውሸታምም እኮ አንዳንዴ እውነት ያመልጠዋል። እውነት ቢሆንስ? ልጄን ቢጠራብኝስ? ያለችኝ እሷው ናት!»

«ስሚኝ እህቴ» አለች ጃርት። «እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከመሬት በታች ነው። ሥር ስነቅል፣ ጉድጓድ ስምስ ኖሬ፣ እስከ ዛሬ ከዚያ ሆኖ የጠራኝ የለም። ልጅሽን የሚፈልጋትን እንደሆነ አሁን በር ድረስ ሸኝተሽው መጣሽ።»

አህይት የሞተውን ውሻ አየችው፤ ልጇንም አየቻት።

«እንግዲያስ ቆፍሪ» አለች።

መከታን የቀበሩት ሲጋደምበት በኖረው በር ሥር ነው። ጃርት በጥፍሯ ቆፈረች፤ አህይት በኮቴዋ አፈር ዛቀች፤ ውርንጭላዋም በአፍንጫዋ እየገፋች መለሰችው። አፍንጫዋ በአፈር ቀልቶ ሲያዩዋት፣ ሀዘን ላይ መሆናቸውን ረስተው ሁለቱ እናቶች ሳቁ። ላዩን በድንጋይ ጫኑት፤ በድንጋዩም ላይ የአጋም እሾህ ደረደሩበት።

«ደህና ተኛ፣ መከታዬ» አለች ልጅቱ።

አህይት አደረገችው እንጂ ፍርሃቱስ የት ሄዶ! ያን ሌሊት የልጇን ትንፋሽ ስታዳምጥ አደረች። ጎህ ሲቀድ ውርንጭላዋ ተነሣች፤ ጭራዋን ነስነስ አደረገችና፦

«እማዬ፣ ራበኝ» አለች።

አህይት ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ የጣፈጠ ቃል ሰምታ አታውቅም። ከጀርባዋ የሁለት ገበያ ጭነት የወረደላት ያህል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አህያ በረጅሙ ስትተነፍስ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ መንደሩ ሁሉ ከእንቅልፉ ነቃ። በማግስቱም ልጅቱ እንደ ልማዷ ተነሥታ ራበኝ አለች። የቀበሮ ጥሪ የት እንደገባ እንጃ!

ጅብ በበኩሉ ገደሉ ሥር አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ሰነበተ። ከላይ የወረደለት ግን ጠጠርና አቧራ ብቻ ነበር። ቀበሮም «ዘንድሮ ወግ ተበላሸ» ብሎ ሌላ ለቅሶ ፍለጋ ሄደ።

በሰልስቱ ዕለት ጅብ ረሃቡ ጠንቶበት ራሱ መጣ። መቃብሩን ሊምስ እጁን ሰደደ፤ የአጋሙ እሾህ ተቀበለው። ዘሎ ወደ ግቢው ሊገባ ቃጣ፤ የመከታ ሽታ ከአፈሩ ወጥቶ አፍንጫውን ነካው። «ሞቷል፣ ተቀብሯል» እያለ ራሱን ቢመክር እግሩ ምክሩን አልቀበል አለው። በሩን ማለፍ ቢያቅተው ከውጭ ቆሞ ጮኸ፦

«አንቺ አህይት! ነውር አይደለም ወይ? ለቅሶ ደርሼ፣ ደረቴን መትቼ፣ አንዲት ጉርሻ ሳልቀምስ ልመለስ? ውሻን በአፈር ማበላሸትስ ምን የሚሉት ጥጋብ ነው? ከእንግዲህ እኔን ጎረቤቴ ትይኛለሽ?»

አህይት ከቤት ወጣች። የሰልስቱ ወግ አልቋል፤ ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳለች፤ ልጇ ከጎኗ ሣር እያመነዠገች ነው። እስከ መቃብሩ ድረስ ቀስ ብላ ተራመደችና ቆመች። «እርስዎ» ማለቱንም ያን ዕለት ተወችው።

«አንተ ጅብ» አለችው፤ «ለቅሶ የሚደርስ እንባውን ይዞ ይመጣል፤ አንተ ግን ምራቅህን ይዘህ መጣህ። የእኔ ውሻ እኔ ባስተኛሁት ቦታ ተኝቷል፤ ገደሉን እንደሆነ በጣም ወደኸዋልና አንተው ግባበት!»

ከዚህ የምንማረው በሀዘናችን ቀን «ወጉ እንዲህ ነው» እያለ የሚያስፈራራን ሲመጣ፣ ወጉን ከመፈጸማችን በፊት ከዚያ ወግ የሚበላው ማን እንደሆነ ልናይ እንደሚገባ ነው።