መንደሩን ዝም ያሰኘ ሰው

አንድ ጥላዬ የሚባል የእህል ነጋዴ ነበር። ጉልበቱ ሲደክም ሱቁን ለልጆቹ ለቀቀና አንድ መምህር ዘንድ ሄዶ ልቡን የሚያሳርፍበት መንገድ ጠየቀ። መምህሩም፣ «ጠዋት ጠዋት ዓይንህን ጨፍነህ ተቀመጥ። ትንፋሽህን አዳምጥ። ሐሳብ ቢመጣ፣ ድምፅ ቢመጣ፣ አትከተለው፤ ይለፍ» አሉት።

ጥላዬ ምክሩን ወደደው። ችግሩ መንደሩ ነበር። ገና ዓይኑን ሲጨፍን ብረት ቀጥቃጩ ታረቀኝ መዶሻውን ያነሳል። ከዚያ ማዶ ደግሞ በርበሬ ወቅጠው የሚሸጡት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሙቀጫቸውን ያንኳኳሉ። ሰላም ፍለጋ የተቀመጠው ሰው በየቀኑ ንዴት ሸምቶ ይነሳ ጀመር።

በመጨረሻ ሄዶ ለመናቸው። «እባካችሁ፣ ፀሐይ ሞቅ እስክትል ብቻ ዝም በሉልኝ» አለ። ጥላዬ በክፉ ቀን ጎተራውን ለመንደሩ የከፈተ ሰው ነው። ሥራቸውን ቢጎዳባቸውም ይሉኝታ ይዟቸው እሺ አሉ።

በማግስቱ መንደሩ ጸጥ አለ። ጥላዬ ትንፋሹ ሲገባ ሲወጣ ተሰማው፤ እንዲህ ያለ ደስታ አይቶ አያውቅም። መሐል ላይ ከሩቅ የሆነ ድምፅ መጣ። «ይለፍ» አለ በልቡ። ድምፁ ተደገመ። አሁንም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰማው ግን ክው አለ። የምትጣራው ሚስቱ እናና ነበረች።

እናና ዓይኗ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ቢሆንም በየማለዳው ምርኩዟን ይዛ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። መንገዱን በምን እንደምታውቀው ጥላዬ ጠይቋት አያውቅም።

ባዶ እግሩን ሮጠ። መታጠፊያዋን ስታ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ቁጥቋጦ ጨብጣ አገኛት። ምርኩዟ ገደል ገብቷል። አቅፎ ወደ ኋላ ሳባት።

«እኔ ልሙትልሽ! ምነው እዚህ መጣሽ?»

«ታረቀኝ ምን ሆነ? ታሞ ነው እንዴ?» አለች እናና።

«ደህና ነው። ምነው?»

«የሱን መዶሻ ስሰማ ወደ ግራ እታጠፋለሁ። ከዚያ የማንጠግቦሽ ሙቀጫ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያደርሰኛል። ዛሬ አገሩ ሁሉ ጭጭ አለብኝ። መንደሩ ጥሎኝ የተሰደደ መሰለኝ።»

ጥላዬ ያደረገውን እያለቀሰ ነገራት። «ከነገ ጀምሮ እጅሽን ይዤ እኔ አደርስሻለሁ» አላት።

«አይሆንም» አለች። «እጅህን ጠልቼ አይደለም። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ለብቻዬ የቀረችኝ እቺው መንገድ ናት። ስሄድ ልቤ ያርፋል። አንተ ቁጭ ብለህ የምትፈልገውን እኔ እየሄድኩ አገኘዋለሁ።»

ጥላዬ በዚያው ቀን ሁለቱን ጎረቤቶቹን ይቅርታ ጠየቀ። በማግስቱ ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ መዶሻው ተነሳ። «እናና አሁን ትታጠፋለች» አለ በልቡ። ሙቀጫውን ሲሰማ፣ «አሁን ደግሞ እየደረሰች ነው፤ ተመስገን» አለ። ንዴቱ የት እንደገባ አላወቀም። ድምፁ ሁሉ ሚስቱን እጇን ይዞ የሚመራለት ዘመድ ሆኖ ተሰማው፤ ትንፋሹም ያለወትሮው ረጋ አለ።

ወዳጆቼ፣ ልባችን እንዲያርፍ ዓለም የግድ ዝም ማለት የለበትም። እኛን የሚረብሸን ድምፅ ለሌላው መንገዱ ሊሆን ይችላል፤ ከገደል የሚጠራንንም ሰው «ይለፍ» ብለን እንዳናሳልፈው አስተውሎ መስማት ያሻል። ስለዚህ በዙሪያችን ለሚንኳኳው፣ ለሚወቀጠውና ለሚጣራው ሁሉ ተመስገን እንበል።

ዛሬ ጸጥታህን ያቋረጠብህ ማን ነው? ምን ፈልጎ እንደሆነስ ጠይቀኸዋል?