አልነሳም ያለችው ቀይ መኪና

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ተረቱ ረጅም ነው፣ መንገዱ ግን አጭር ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አንዲት ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር የድሮ የአሜሪካ መኪና ነበረቻቸው። ስትነሳ ሰፈሩን ታንቀጠቅጣለች፤ ችግሩ አለመነሳቷ ነው። ጋሽ ደምሰው ግን አንድም ቀን "ጥፋቱ የመኪናዬ ነው" ብለው አያውቁም። ስትቆም ቤንዚኑ ነው፣ ስትፈላ ፀሐዩ ነው፣ ስትንተፋተፍ መንገዱ ነው።

ልጃቸው ሰናይት ሰባት ዓመቷ ሳለ "የሠርግሽ ቀን በዚህች መኪና ራሴ ነኝ የማደርስሽ" ብለዋት ነበር። እነሆ ቀኑ ደረሰ። ከስድስት ሰዓት በፊት ቤተ ክርስቲያን መግባት አለባት። ጋሽ ደምሰው ሱፋቸውን ለብሰው ቁልፉን አዞሩ። ቀጭ! ደገሙት። ቀጭ!

"ባትሪው ሞቷል አባዬ" አለች ሰናይት ፀጉሯ በግማሽ ተሠርቶ በመስኮት ብቅ ብላ። "እነ ሙሽራው የኪራይ መኪና ይዘው ይመጣሉ፤ በእሱ ልሂድ?"

"እኔ ቆሜ? በኪራይ?"

እንዳትገፋ ማርሿ አውቶማቲክ ነው፤ ተገፍታ አትነሳም። ወደ ባትሪ ሠሪው ወደ ጅብሪል ሮጡ።

"ባትሪስ አለኝ" አለ ጅብሪል። "ግን አምና መኪናዎ ደጃፌ ላይ በጭስ ማውጫዋ ጧ! ብላ ተኮሰች። ፍየሌ ደንግጣ ከዚያ ወዲህ ካልደለሏት አትታለብም። እኔ ደግሞ ሻሂዬን በወተት ካልጠጣሁ እጄ ሥራ አይይዝም። አልበው ያምጡልኝ።"

"የዚያን ቀን እኮ ቤንዚኑ ነው" አሉ ጋሽ ደምሰው። ጅብሪል ጣሳ ሰጣቸው።

እንግዲህ ፍየሏ ካልታለበች ጅብሪል ሻሂ አይጠጣም፤ ሻሂ ካልጠጣ ባትሪ አይሰጥም፤ ባትሪ ካልተሰጠ መኪናዋ አትነሳም፤ መኪናዋ ካልተነሳች ሰናይት በኪራይ ልትሄድ ነው። ጋሽ ደምሰው በሱፋቸው ተንበረከኩ። ፍየሏ ጣሳውን በእርግጫ አለችውና ዓይኗን ማዶ ወዳለው የማንጎ ልጣጭ ወረወረች።

ልጣጩ የፍራፍሬ ነጋዴዋ የወይዘሮ ትርሲት ነው። "ልጣጭ?" አሉ ወይዘሮ ትርሲት። "ትናንት ጥቁር ጭስ ለቀው ማንጎዬን ከሰል አስመሰሉት እኮ! ማን ይግዛኝ? ታጥቦ ካልጠራ ቅንጣት ልጣጭ አልሰጥም።"

"ነፋሱ ወደ እርስዎ ስለነፈሰ ነው እንጂ..."

"እንግዲያው ነፋሱ ይጠብልኝ!"

ማንጎው ካልታጠበ ልጣጭ አይሰጥም፤ ልጣጭ ካልተሰጠ ፍየሏ አትታለብም፤ ፍየሏ ካልታለበች ጅብሪል ሻሂ አይጠጣም፤ ሻሂ ካልጠጣ ባትሪ አይሰጥም፤ ባትሪ ካልተሰጠ መኪናዋ አትነሳም፤ መኪናዋ ካልተነሳች ሰናይት በኪራይ ልትሄድ ነው። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም። አቤት የዛሬው ቀን! ጋሽ ደምሰው ከረባታቸውን ፈተው ኪሳቸው ከተቱ።

በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያመላልሰው አብዶሽ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ከጋሪው ጎማዎች አንዱ ተንፍሷል።

"አንተ ደምሰው፣ ያቺን መኪናህን ከሳቢያን ሰፈር እስከ ገበያ የጎተተችው የማን አህያ ናት? ይህ ጎማ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደታመመ ነው። ጎሚስታው ጋ ወስደህ አስለጥፍልኝ፣ ውሃው ያንተ ነው።"

"ሙቀቱ ነው እኮ ያቆማት" እያሉ ጎማውን ፈተው ተሸከሙት። ሸሚዛቸው ጠቆረ።

ጎሚስታው በየነ የልጅነት ጓደኛቸው ነው። ጎማውን አየ፤ ጋሽ ደምሰውን አየ፤ እጁን አጣጠፈ።

"ደንገጎ ዳገት ላይ መኪናህ የፈላች ጊዜ ለሰው ሁሉ ምን አልክ? 'በየነ ከብዷት ነው' አላልክም? ይኸው ዐሥር ዓመት ሙሉ ወፍራሙ በየነ ተብዬ ቀረሁ። መንገድ ላይ ቆመህ 'ጥፋቱ የመኪናዬ ነው' ካላልክ አልለጥፍም።"

"በየነ፣ ልጄን እየዳርኩ ነው!"

"እኔስ መች አትዳራት አልኩ?"

'ጥፋቱ የመኪናዬ ነው' ካልተባለ በየነ አይለጥፍም፤ ጎማው ካልተለጠፈ ጋሪው አይሄድም፤ ጋሪው ካልሄደ ውሃ አይመጣም፤ ውሃ ካልመጣ ማንጎው አይታጠብም፤ ማንጎው ካልታጠበ ልጣጭ አይሰጥም፤ ልጣጭ ካልተሰጠ ፍየሏ አትታለብም፤ ፍየሏ ካልታለበች ጅብሪል ሻሂ አይጠጣም፤ ሻሂ ካልጠጣ ባትሪ አይሰጥም፤ ባትሪ ካልተሰጠ መኪናዋ አትነሳም፤ መኪናዋ ካልተነሳች...

የኪራዩ መኪና ሪባኑን አስሮ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ወደ ሰፈሩ ታጠፈ።

"ጥፋቱ የመኪናዬ ነው" አሉ ጋሽ ደምሰው በሹክሹክታ።

"አልሰማሁም።"

"ጥፋቱ የመኪናዬ ነው! የፈላው ሞተሩ ነው፣ በየነ አልከበደም! የፍየሏም፣ የማንጎውም፣ የአህያዋም ጥፋት የመኪናዬ ነው! የእኔም ነው!" ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ጮኹ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሰማ። አፈሩ፤ ቀለላቸውም።

ያኔ በየነ ለጠፈ፤ ጋሪው ሄደ፤ ውሃው መጣ፤ ማንጎው ታጠበ፤ ልጣጩ ተሰጠ፤ ፍየሏ ታለበች፤ ጅብሪል ሻሂውን ጠጣ። ሁለት ብርጭቆ! ጋሽ ደምሰው ጥርሳቸውን ነክሰው ጠበቁት። ባትሪው ተሰጠ፤ ቁልፉ ዞረ፤ መኪናዋ ተነሳች።

ሰናይት ከአባቷ ጎን ገባች፤ የኪራዩ መኪና ከኋላ ተከተለ። ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረሱ። ሙሽራው በሩን ሊከፍት መጣ።

"ደረስን እኮ አባዬ፣ ሞተሩን አጥፋው" አለች ሰናይት።

"ትንሽ ትሥራ" አሉ ጋሽ ደምሰው ፊት ፊቱን እያዩ። "አሁን ካጠፋኋት ትከፋለች።"

ጠዋቱን ሙሉ ተነሺ እያሉ የለመኗትን መኪና ማጥፋት አቃታቸው። እጃቸው ቁልፉ ላይ ቀረ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሰናይት ቬሏን ሰብስባ ጎንበስ አለችና ቁልፉን ራሷ አዞረችው። ከዚያ አገላብጣ ሳመቻቸውና ወረደች።

እኔም ተረቴን እዚሁ አቆምኩት፤ እናንተም በደህና ግቡ።