የደጃፍ መለኪያ

በስኮትላንድ ከባሕር ማዶ ካሉት ደሴቶች በአንዷ፣ ሊሄድ የተነሣ እንግዳ ከተቻኮለ ሰዎች ተያይተው «እንደ ፊንሌይ» ይላሉ። ከዚያ አንድ ተረት ይከተላል። ተረቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ፊንሌይን የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። ምስኪን፣ ክፉ ሰው እንኳ አልነበረም።

ውስኪ ሲባል ለእኛ የሚታሰበን ሆቴልና የሰርግ ጠረጴዛ ነው። እዚያ ግን ከገብስ ብቅል የሚወጣ፣ እንደ እኛ አረቄ የቤት ነገር ነው፤ ልጅ ሲወለድ ይቀዳል፣ ሬሳ ሲሸኝም ይቀዳል። እንግዳ ሲገባ አንድ መለኪያ ይሰጠዋል፤ ሲወጣ ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆሞ አንድ። የመግቢያው ለብርዱ ነው። ከባዱ ቃል የሚነገረው በመውጫው ነው፤ «አጥፍቻለሁ» የሚባለው እዚያ ነው። አንድ እግሩ ውጭ የሆነ ሰው ተናግሮ፣ ወይም ሰምቶ፣ መንገዱን ይቀጥላል እንጂ ፊት ለፊት ተቀምጦ አይተፋፈርም።

ፊንሌይ ከተማ ሲኖር እናቱ ታመሙ። ታላቅ ወንድሙ ሙርዶ «ይድናሉ» እያለ ሳይልክበት ቆየና ፊንሌይ የደረሰው ከቀብር በኋላ ሆነ። በዚህ ተኳርፈው ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ፊንሌይ ሆዱ አልችል ብሎት በመርከብ መጣ። ከወንድሙ አፍ አንዲት «ይቅርታ» ቢሰማ ይበቃው ነበር።

ሙርዶ የመግቢያውን ቀዳለት። አክስታቸው ኤፊ እሳቱ ዳር ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። ወንድማማቾቹ ስለ በጎቹ ተጫወቱ፣ ስለ ነፋሱ ተጫወቱ፤ ስለ እናታቸው ግን ትንፍሽ ያለ የለም። የፊንሌይ ልቡ እየሻከረ ሄደ። የደሴቱን ወግ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ከተማ ብዙ ኖሯል፣ እዚያ ደግሞ የሚናገረው ያለው ሰው ተቀምጦ ይናገራል። «ለበግ ወሬ ነው ባሕር የተሻገርኩት?» አለ በልቡ።

ታች ወደቡ ላይ መርከቡ ጮኸ። ፊንሌይ ኮቱን አነሣ።

«ቆይ እንጂ፣ የአባባን ጠርሙስ ላምጣ» አለ ሙርዶ።

«መርከቡ ጥሎኝ ይሄዳል።»

«አንዲት መለኪያ ናት።»

ሙርዶ መልስ ሳይጠብቅ ጓዳ ገባ። መለኪያዎቹን ሲወለውል ይሰማል፤ ቸኩሎ የማያውቅ ሰው ነበር። መርከቡ ደግሞ ጮኸ። ፊንሌይ «በሚቀጥለው ስመጣ እጠጣታለሁ!» አለና ቁልቁለቱን ወረደ።

ወደቡ ላይ ሲደርስ ድንገት ጉም ወርዶ መርከቡ ሳይነሣ ቆየ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። የወንድሙ ቤት ከዚያ ሩቅ አልነበረም። ልመለስ ብሎ ተነሣ፤ «‹መርከብ ሲዘገይብህ ነው የታወስኩህ› ይለኛል» ብሎ መልሶ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። እልህ ነው እንጂ ሌላ የያዘው ነገር አልነበረም። ጉሙ ሲገፈፍ ተሳፍሮ ሄደ።

ብርዱ ሲበረታ ሙርዶ ሞተ። ፊንሌይ ለቀብር ደረሰ፤ በዚህኛው በጊዜው። ለቀስተኛው ሲበተን ኤፊ ወደ መስኮቱ ጠሩት። ሁለት መለኪያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ መጠጡ ደርቆ ሥራቸው ላይ ቡናማ ቀለበት ሠርቷል።

«ልጠባቸው ብለው እምቢ አለኝ» አሉ። «‹ይመለሳል› ይላል። ያን ቀን ሁለቱንም ይዞ ጉሙ እስኪገፈፍ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር።»

ፊንሌይ አንዱን መለኪያ አነሣ። «ምን ሊለኝ ነበር አክስቴ?»

«ያን ቀን ጠዋት በጎቹ መሃል ሆኖ ሲለማመደው ሰምቼዋለሁ። ‹በእናታችን በድዬሃለሁ፣ ማረኝ› ነበር የሚለው።»

ፊንሌይ የአባቱን ጠርሙስ አንሥቶ ሁለቱንም መለኪያ ሞላና ደጃፉ ላይ ቆመ። የራሱን ጨለጠ። «ምሬሃለሁ» አለ ወደ በጎቹ ሜዳ እያየ። የወንድሙ መለኪያ እንደሞላ እጁ ላይ ቀረ።

«መርከቡ እኮ ያን ቀን ወዲያው አልሄደም ነበር፣ አክስቴ» አለ እያለቀሰ። «ወደቡ ላይ ተቀምጬ ነበር። ያመልጠኛል ብዬ ነው የሮጥኩት።»

ኤፊ ጠርሙሱን ከደኑና እንዲህ አሉት፦ «መርከብ ቢያመልጥ ነገ አለ፤ ቀጂ ቢያመልጥ ማን አለ?»