ሁለቱ ተሳላሚዎች

አንድ ቢያድግልኝ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ጸሎቱንም አያስታጉልም። በቅዱስ ሚካኤል ደጅ ባለፈ ቁጥር መሪውን ለቀቅ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ቤተክርስቲያኑ አዙሮ ያማትባል። ደጁ ፊት ለፊት ደግሞ የትራፊክ መብራት አለ።

በዚያው መንገድ አስማረ የሚባል ሸማኔ በብስክሌት ይመላለሳል። እሱም ያው ነው፤ ደጁ ጋ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ በአንድ እጁ ያማትባል። ብስክሌቱ ታዲያ ያኔ ዳሩን ይለቅና ወደ መሐል ይገባል።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱ ተከታትለው ደረሱ። መብራቱ ቀይ ሆኗል፤ አስማረ አላየውም፣ ቢያድግልኝም አላየውም። ሁለቱም እያማተቡ ሳለ ብስክሌቱ ወደ መሐል ገባ፣ ሚኒባሱም የኋላ ጎማውን መታው። አስማረ ወደቀ፣ ብስክሌቱም እግሩ ላይ ተጫነው። ሸማኔ በእጁ ብቻ አይሠራም፤ የሽመናውን መርገጫ የሚረግጥበት እግር ያስፈልገዋል። እዚያው አስፋልቱ ላይ ጫማውን አውልቆ ጣቶቹ ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ይሞክር ጀመር።

ቢያድግልኝ ወርዶ ደገፈው። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው ሲል፣ ሌላው ብስክሌተኛ መቼ ሕግ ያውቃል ይላል። ሁለቱም ሲሳለሙ እንደነበር ሲናገሩ ግን ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ አለ። እያማተበ ያጠፋን ሰው ማን ደፍሮ ይቆጣል?

ደጁ ላይ ተቀምጠው ያዩ አንድ አረጋዊ መነኩሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ።

«ልጄ፣ ሚካኤል የትም አይሄድም» አሉት ሾፌሩን። «መብራቱ ሲያቆምህ ቆመህ ብትሳለመው ይቀየምህ ነበር?»

«አባቴ፣ ዝም ብሎ ማለፍ ድፍረት መስሎኝ ነው።»

«ድፍረቱስ ይሄ ነው። ለመልአኩ ሰገድክና ወዳጁን ገጨኸው።»

አስማረ ከተቀመጠበት፣ «እሱን ብቻ አይቆጡት አባቴ። እኔም መስመሬን ለቅቄያለሁ» አለ።

«አንተንማ እግርህ ይቆጣሃል» አሉት።

ቢያድግልኝ አቅፎ ሚኒባሱ ውስጥ አስገባውና ጤና ጣቢያ ወሰደው። አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሁለት ወር በኋላ እግሩ ዳነ። የፋሲካ ሸማ ያዘዙት ሰዎች ግን ያን ዓመት ሳይደርስላቸው ቀረ።

ወገኖቼ፣ ጸሎት መልካም ነው። ግን መኪና የያዘ ሰው ዓይኑን መንገዱ ላይ፣ እጁን መሪው ላይ ሲያደርግ እሱም ጸሎት ነው፤ የሰው ነፍስ ይጠብቅበታልና። ብስክሌት የያዘም ዳሩን ይዞ ሲሄድ፣ ቀይ ሲበራ ሲቆም እንዲሁ ነው። ሕጉን ያወጣው ሰው ቢሆንም የሚያድነው የእግዚአብሔርን ፍጥረት ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ፊታችን ያለውን ወንድማችንን ሳናይ የተሳለምነውን ማን ይቀበለናል?