ጾሙን ሊያካክስ የበላው ውሻ

ይህን የነገረችኝ ከአጥሬ ማዶ ያለችው እትዬ የሺመቤት ናት፤ የውሻ ተረት ነውና ማንም በእኔ እንዳይቀየም።

በአንድ አገር ቡላና ዳማ የሚባሉ ሁለት ውሾች ሥጋ ቤት ደጃፍ ይውሉ ነበር። ቡላ ወንድ ነው፣ ዳማ ሴት። ከጥጋብ ብዛት ሁለቱም ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ያለከልኩ ነበር። ሁዳዴ ገባና ሥጋ ቤቱ ተዘጋ። ባገኙት ቁራሽ ሲያድሩ ሰነባብተው ሰውነታቸው ቀለለ፤ ዳማ እንዲያውም እንደ ቡችላ አቀበት በሩጫ መውጣት ጀመረች።

የፋሲካ ዕለት ሥጋ ቤቱ ተከፈተና ሞራና ጅማት ተከምሮ ተጣለላቸው።

«ብይ እንጂ እቴ! የሁለት ወሩን ዛሬ እናካክስ» አለ ቡላ።

ዳማ ጥቂት በልታ ቀና አለች። «እኔ ይሄ በቃኝ። ከእንግዲህ ረቡዕና ዓርብም እጾማለሁ።»

«አይ አንቺ! ውሻን ጹም ብሎ ማን አዘዘው? ልትመነኩሺ ነው?»

«ማንም አላዘዘኝም። ዳግመኛ ግን እንደዚያ አላለከልክም። አንዴ ብያለሁ፣ ብያለሁ!»

ይህን ብላ ተነስታ ሄደች። ቡላም የእሷን ድርሻ ጨምሮ ጠራርጎ በላው።

ቡላ በማግስቱ ሆዱ ተነፍቶ ሞተ። ዳማ ክረምት ላይ ስድስት ቡችሎች ወለደች፤ ስድስቱም አደጉ።