ያልተጻፈበት ጨርቅ

ልጅህ ዛሬ ከሰው መካከል ብትጠፋ ምን ተብላ ትጠራ ትላለህ? ቶሎ መልስ። ቆም ብለህ ማሰብ ከጀመርክ፣ ይህ ተረት ላንተ ነው።

በአንድ ወቅት፣ በወንዝ ዳር ባለች ከተማ፣ አንዲት ሕፃን ሦስት ስም ይዛ ትኖር ነበር። አባቷ ይርዳው በሙግት የተነጠቀውን የአባቱን መሬት አምላክ በእሷ የካሰው መስሎት «ካሳነሽ» ይላታል። የአባቷ ታላቅ እህት አስካለ የራሷን ልጅ በኩፍኝ ቀብራ ወንድሟ ቤት የገባች ናትና «ምትኬ» ትላታለች። እናቷ ደጊቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ እንዲጠብቃት ተመኝታ «ስንዱ» አለቻት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በዚያ ቤት ግን መልአኩ እንኳ ተራ አልደረሰውም።

ልጅቱ ለሦስቱም «አቤት» ትል ነበር። ሦስቱ በተሰበሰቡበት «ስምሽ ማነው?» ሲሏት ግን ዝም ትላለች። አንዱን ከጠራች ሁለቱ እንደሚያኮርፉ ገና በአራት ዓመቷ አውቃዋለች።

ወንዙ መሙላት በጀመረበት ክረምት የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ወላጆችን ሰብስባ መከረች። «ጎርፍ ከመጣ ልጆቹን በመኪና ወንዙን አሻግረን ወደ ላይኛው ከተማ እናወጣቸዋለን። ሕፃን ሲደነግጥ አፉ ይያዛል። ስሙን፣ የወላጆቹን ስም፣ ሰፈሩን፣ ገላው ላይ ያለውን ምልክት በጨርቅ ላይ ጽፋችሁ ከልብሱ ውስጥ ስፉለት» አለች።

ደጊቱ ነጭ ጨርቅ ቆርጣ፣ በቀይ ክር፣ ከልጅቱ ቀሚስ ጠርዝ በውስጥ በኩል ሰፋች። ጽሕፈቱን ግን ቤተሰቡ ለምሳ እስኪሰበሰብ አቆየችው።

«ካሳነሽ ይርዳው ብለሽ ጻፊ» አለ ባሏ።

«ምትኬዬን ልትፍቁብኝ ነው?» አለች አስካለ።

«እትዬ፣ የወለድኳት እኔ ነኝ እኮ» አለች ደጊቱ።

«መውለድማ ድመትም ትወልዳለች።»

«በሉ እንብላበት። ነገ ይጻፋል» አለ ይርዳው።

ነገም ሌላ ነገ ወለደ።

ጎርፉ በጠራራ ፀሐይ መጣ፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ ከተራራው ላይ ነበር። ድልድዩን ጠርጎ ወሰደው። ልጆቹ ቀድመው በመኪና ወጥተዋል። መምህርቷ ግን ግንብ ወድቆባት፣ ራሷን እንደሳተች ወደ ሩቅ ሐኪም ቤት ተወሰደች።

ይርዳው ዋና አያውቅም። ወገቡን በገመድ አስሮ፣ ሁለት ጊዜ ሰጥሞ፣ ወንዙን ተሻገረ። ልጆቹ ከተጠለሉበት ትምህርት ቤት ከሁለቱ ሴቶች ቀድሞ ደርሶ «ካሳነሽ!» ብሎ ተጣራ። ልጅቱ ብድግ አለች። በሩን የምትጠብቀው ወይዘሮ እልፍነሽ የልጅቱን እጅ ይዛ ልታስረክበው ሁለት እርምጃ ያህል ቀርቷት ነበር።

አስካለ በተራራው ዞራ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ደረሰች። «ምትኬዬ!» አለች። ወይዘሮ እልፍነሽ የልጅቱን እጅ ወደ ራሷ መለሰች። «ማን ናት አልሽ?» አስካለ ቀሚሷን ሳትነካ መሰከረች። «ከግራ ጉልበቷ በስተጀርባ ጠባሳ አለ። ጀበና ደፍቼባት ነው። ወድቃ ነው ብዬ ዋሽቻለሁ።» ጠባሳው አለ። «አንተስ አባቷ፣ ይህን ታውቅ ነበር?» ቢባል ይርዳው መሬት መሬት አየ።

ደጊቱ እስከዚያ ድረስ በመዋዕለ ሕፃናቱ ፍርስራሽ ላይ ጭቃውን በጥፍሯ ስትቆፍር ነበር፤ ልጆቹ መውጣታቸውን የነገራት አልነበረም። ዳቦ በሚጭን ጀልባ ተሻግራ ከበሩ ስትደርስ የአስካለን ኑዛዜ በጆሮዋ ሰማች። ልትጣላበት ጊዜ አልነበራትም። «ስንዱ ናት። ቀሚሷን ገልብጪው፤ በቀይ ክር የተሰፋ ጨርቅ ታገኛለሽ» አለች። ድምጿ የሚያኮራ ነገር እንደያዘ ሰው ድምፅ ነበር።

ሴትየዋ ገለበጠችው። ጨርቁ አለ፤ ቀይ ክሩም አለ። ወደ ፀሐይ አዙራ አየችው፤ በጀርባውም አየችው።

«ስፌቱስ ያምራል» አለች። «ምን ብዬ ላንብበው?»

ደጊቱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። በሕይወቷ ከሰፋችው ሁሉ እንደዚያ ያማረ ስፌት አልነበራትም።

«ሦስት ሰው፣ ሦስት ስም፣ አንዲት ልጅ» አለች ወይዘሮ እልፍነሽ። «ቅድም አንዱ አጎት ነኝ ብሎ የሰው ልጅ ይዞ ሊሄድ ነበር። እሱ እንኳ ስሟን አጥንቶ ነው የመጣው።» ወደ ልጅቱ ጎንበስ አለች። «እስቲ አንቺው ንገሪኝ የኔ እመቤት። ስምሽ ማነው?»

ልጅቱ የአባቷን ፊት አየች። የአክስቷን አየች። የእናቷን አየች። ሦስቱም የየራሳቸውን ስም በዓይናቸው ይለምኗት ነበር።

«ስም የለኝም» አለች።

«ከሰፈራችሁ ምስክር አምጡ» ተባሉ። ውሃው ጎድሎ ጎረቤት ይዘው እስኪመለሱ ድረስ፣ ወላጃቸው ያልተረጋገጠ ልጆች፣ እሷም አብራ፣ ወደ ሌላ አገር ተጭነው ነበር። ከዚያ ወዲያ ማን እንደወሰዳት የሚያውቅ ጠፋ።

ልጅቱ አድጋ ራሷ ፈልጋ መጣች። ያሳደገቻት ሴት ቀሚሱን አስቀምጣላት ነበር። ጨርቁም አሁን ተጽፎበታል። ደጊቱ ቀይ ክሩን ከሩቅ ለየችው፤ ጽሕፈቱን ለማንበብ ስትጠጋ ግን ልጅቱ አጥፋ ከእጇ ውስጥ ጨበጠችው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። «እነሱ ባይመጡብኝ ይዣት እገባ ነበር፤ ነፍሴን ለውሃ የሰጠሁ እኔ ነኝ» አለ ይርዳው። «የልጅቷን ገላ የማውቅ እኔ ነኝ፤ ለእሷ ስል ኃጢአቴን በአደባባይ አውጥቻለሁ» አለች አስካለ። የደጊቱ ተራ ደረሰ። «ጨርቁን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። ይህን ያለችው ለመመስገን ይሁን ለመወቀስ፣ እሷም አላወቀችው።

እንግዲህ ሰሚዎች፣ ፍረዱ። ልጅቱ የማንን ስም ትውሰድ? ከማንስ ቤት ትግባ? ነፍሱን ከሰጠው፣ ገበናዋን ካወጣችው፣ ወይስ ጨርቁን ከሰፋችው? ከሦስቱ ምሕረት የሚገባው ማን ነው?

ልጅቱን ሽማግሌዎቹ ጠይቀዋታል።

«ማንንም አልምርም» አለች።