የአያ ድረስ አንድ ጣሳ ውኃ

ቂቂቂ! ቆይ፣ ልሳቅና ልንገራችሁ። የወይራምባ ሰዎች እንግዳ ይመጣልናል ብለው ማረፊያ ቤት ሠሩ፤ ለምሰሶው ደግሞ እንግዳው ሊያየው የሚመጣውን የመጨረሻውን ዛፍ ቆረጡት! ሳቁ፣ ሳቁ። ዋናው ገና ነው፤ እሱ ላይ ስንደርስ ሳቁም ያልቃል።

አንጓች አንዲት ነገር ፈለገች፤ አንድ ጣሳ ውኃ። ባሏ አያ ድረስ አልጋ ይዘዋል። እህል በቃኝ፣ ጠላ በቃኝ ብለው፣ «ከመሞቴ በፊት በላይኛው ምንጭ ጉሮሮዬን ላርስ» ብቻ ይላሉ። የወንዙን ስትሰጣቸው ምላሳቸው ያውቅባታል፤ ይተፉታል።

ጣሳዋን ይዛ ወጣች። ምንጩ ደረቅ ድንጋይ ነው።

«ምነው ብትፈስ?»

«ተራራው ውኃ ሳይዝልኝ ከየት አምጥቼ?»

ተራራው የጎድን አጥንቱ ወጥቷል። «ሣር የለኝ፣ በምን ልያዘው? ዝናቡ አፈሬን ይዞት ይሄዳል» አላት። ሣር የለም፣ ተራራ አይዝም፤ ተራራ አይዝም፣ ምንጭ አይፈስም፤ ምንጭ አይፈስም፣ የድረስ ጉሮሮ አይርስም።

ሣሩን ለመነችው። «በጎቹ ሳይወርዱ? ብቅ ስል ይነጩኛል።» በጎቹን ለመነቻቸው። «እኛ ተነጂ ነን፤ ባለቤቶቻችንን ጠይቂ።» በግ አይወርድም፣ ሣር አይበቅልም፤ ሣር አይበቅልም፣ ተራራ አይዝም፤ ተራራ አይዝም፣ ምንጭ አይፈስም፤ ምንጭ አይፈስም፣ የድረስ ጉሮሮ አይርስም።

ባለበጎቹ ዘንድ ሄደች። የእንግዳው ማኅበር ሊቀመንበር ሰንደቁ ባዶው ማረፊያ ቤት ደጃፍ ተቀምጧል። «እትዬ አንጓች፣ እንግዳ ገንዘብ ይዞ ይምጣና በጉን ቤት አስረን እንቀልባለን። እስከዚያ ልጆቼ ድንጋይ ይቆርጥሙ?»

አንዲት ፈረንጅ በትር ይዛ መጥታ ነበር፤ ግራ ቀኝ አይታ፣ «ጭላዳ ዝንጀሮ የለ፣ ዛፍ የለ፣ ምን ልይ?» ብላ ተመልሳለች። አንጓች ገደሉ ጫፍ ድረስ ሄዳ ሽማግሌውን ጭላዳ ጮኻ ጠራችው። «ምን በልቼ ልምጣ?» አላት ደረቱን እያከከ። «የኔ እንጀራ ሣር ነው።»

ጭላዳ አይመጣም፣ እንግዳ አይመጣም፤ እንግዳ አይመጣም፣ በግ አይወርድም፤ በግ አይወርድም፣ ሣር አይበቅልም፤ ሣር አይበቅልም፣ ተራራ አይዝም፤ ተራራ አይዝም፣ ምንጭ አይፈስም፤ ምንጭ አይፈስም፣ የድረስ ጉሮሮ አይርስም።

ዞራ ዞራ እዚያው ሣሩ ዘንድ ወደቀች። «አንተ ሣር፣ እባክህ!»

«ዛሬ ጠዋት የመጨረሻዋን ቡቃያዬን ማን ነጫት? ያንቺዋ ቦራ።»

አንጓች ወደ ቦራ ሄደች። ያለቻት በግ ቦራ ብቻ ናት። ጎትታ አውርዳ ከቤቷ ምሰሶ አሰረቻት፤ የገብስ ገለባ እየተሸከመች ትቀልባት ጀመር። መንደሩ ሳቀባት። «አንጓች በግ አገባች! ሙሽራዋ እንዴት አደረች?»

በሰንበቴው ዕለት፣ ሁሉም ዳቦ ይዞ በተቀመጠበት፣ ተነሥታ ቆመች። «ድረስ እየተጠማ በጉን ሽቅብ የሚነዳ ካለ፣ ድረስ ሲሞት አፈር እንዳያለብሰው። ቀብሩ ላይ እንዳይቆም!»

ዳቦው ባፋቸው ቀረ። ከቀብር መባረር! ሰንደቁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ማታ በጎቹ ሲወርዱ ታዩ። የሌላውም ወረዱ። ልጆች በራባቸው ጊዜ እናቶች አንጓችን ረገሟት፤ እሷም ለቦራ ገለባዋን ተሸከመች። ክረምት መጣ፣ ክረምት ሄደ። አያ ድረስ ከአልጋው ጋር አንድ ሆኑ፤ ግን እምቢ አሉ፣ አልሞት አሉ።

ከዚያ ቦራ ወርዳ፣ በጎች ወርደው፣ ሣር በቀለ። ሣር በቅሎ፣ ጭላዳ መጣ። ጭላዳ መጥቶ፣ ያቺ ባለበትር ጓደኞቿን ይዛ መጣች፤ የልጆቹም ሆድ ጠገብ አለ። ሣር በቅሎ፣ ተራራው ያዘ። ተራራው ይዞ፣ ምንጩ ጠብ፣ ጠብ አለ።

ጣሳው እስኪሞላ አንጓች ተንበርክካ ጠበቀች።

በማግሥቱ ቀብር ነበር። የቀረ ሰው የለም፤ ሰንደቁ በገዛ እጁ አፈር አለበሰ። አያ ድረስ ግን ጠጥተው ነው የሄዱት። ግማሹን ጠጥተው፣ ጣሳውን ለአንጓች መልሰው፣ ወደ ምሰሶው አዩና እንዲህ አሉ፦

«ይኼ የኛው ምንጭ ነው። የቀረውን ለቦራ ስጫት፤ ታስራ ከርማለች።»